የዋሴ እቅፍ

ዱላ ይዞ የሚንጎራደድ ወንድ ሳይ ዛሬም ያቅለሸልሸኛል። በጎንደር ከተማ፣ ከአውቶ ፓርኮ ወረድ ብሎ ባለው ሰፈር፣ ጠላ ጠምቄ እየሸጥሁ የኖርሁ ሴት ነኝ፤ አየለች ጠማቂዋ ብትሉ የማያውቀኝ የለም። ወንድ ልጅ ሲሰክር፣ ሲፎክር፣ ሲያስመልስና ሲፈነካከት ያላየሁት ዓይነት የለም። ስንቱን ትውከት አመድ አልብሼ ጠርጌዋለሁ። በወፍጮ ቤቱ ደጅ እንዳየሁት ያለ የሚያስጠላ ነገር ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላጋጠመኝም።

አይከል ገበያ የሄደ ሰው፣ ከከብት ተራው ዳር ቆሞ በሬ ሲያሻሽጥ የሚውል፣ ቀኝ ክንዱ እንደ ማጭድ የታጠፈ ግዙፍ ሰውዬ ያገኛል። ዋሴ ማለት እሱ ነው። ክንድህ ምን ሆነ ብትሉት «ወድቄ ነው» ይላል። አልወደቀም። ዋሴ ወድቆ አያውቅም። እሱ ካልተናገረው እኔ እናገረዋለሁ።

የተወለደው እዚያው ጭልጋ ነው፤ ከአይከል አለፍ ብሎ፣ የአገው ወገን ከሆኑ ገበሬዎች ቤት። ወንድሞቹ ብዙ፣ መሬቱ ጠባብ። ዋሴ በአገሩ የታወቀው ወይፈን በማቅናት ነበር። ሌላው ሰው ወይፈን ቀንበር ሊያስለምድ ሲነሣ ጅራፍ ያነሣል። ዋሴ ጅራፍ አይዝም፤ ወይፈኑን ከአንገቱ ሥር ገብቶ ያቅፍና፣ ጉንጩን ከጉንጩ አጣብቆ፣ እስኪደክመው ድረስ ይዞት ይቆማል። ወይፈኑ ይዘላል፣ ያጓራል፣ ይንፈራገጣል፤ ኋላ በረዥሙ ተንፍሶ ይተወዋል። «በሬ የመታውን አይረሳም፤ የያዘውን ግን ይለምደዋል» ይል ነበር ዋሴ።

ጎንደር ሲገባ ጣልያን ከወጣ ቆይቷል፤ ጥሎት የሄደው ነገር ግን ገና ከተማውን ሞልቶታል። ፎቁም፣ ማኪናውም፣ ሞተሩም የእሱ ትራፊ ነው። ከተማ ውስጥ ወይፈን የሚያስገራ ስለሌለ ዋሴ ከጭነት ማኪና ጆንያ ማውረድ ጀመረ። ሌላው ተጋግዞ የሚያነሣውን ብቻውን ተሸክሞ ሲሄድ ወይዘሮ ወለተሩፋኤል አዩት።

ወይዘሮ ወለተሩፋኤል የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ናቸው። ባላቸው ሞተሩን ተክሎት ሞተ፤ እሳቸው ከነጭሱ ወረሱት። ገበያ ቀን የሆነ እንደሆነ የገጠሩም የሰፈሩም ሴት አቁማዳውን ደጁ ላይ ደርድሮ ይጠብቃል። ደንቡ ቀላል ነበር፤ አቁማዳሽ የተቀመጠበት ቦታ ተራሽ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስመሽ ብትመለሺ እንኳ አቁማዳሽ ተራሽን ይዞ ይጠብቅሻል። ይህን ደንብ ሴት አታፈርሰውም። የሚያፈርሰው ኮት ለባሽ ወንድ ነው፤ የሰውን አቁማዳ በእግሩ ገፋ አድርጎ የራሱን ያስቀምጣል። ምነው ሲሉት ዱላውን ያያል።

ከዋሴ በፊት የነበረው ዘበኛ አለንጋ ነበረው። አንድ ቀን የአንዱን ገበሬ ግንባር በአለንጋ ተለተለው። የገበሬው ዘመድ ተሰበሰበ፣ ፖሊስ መጣ፣ ወፍጮው ተዘጋ፤ እኛም ብቅላችንን በድንጋይ ስንፈጭ ወገባችን ተቆረጠ። ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ከዚያ ተምረዋል። ዋሴን ሲቀጥሩት እዚያው ቆሜ ነበር።

«ስማ» አሉት። «እዚህ ከተማ ዘመድ የለህም። ፖሊስ ቢይዝህ ዋስ የምሆንህ እኔ ነኝ። ከሞተሩ ጀርባ ያለችውንም ክፍል ሰጥቼሃለሁ፤ ተኛባት። ደም ካፈሰስህ ግን ዋስነቴም፣ ሥራውም፣ ክፍሊቱም ቀረ።»

«ደም አላፈስም፣ እመቤቴ» አለ ዋሴ።

ባይተዋር ለሆነ ሰው ዋስ ማለት ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። በነገር የተያዘ ሰው ዋስ ካጣ፣ ቢያጠፋም ባያጠፋም፣ ታስሮ ይረሳል። ዋሴ ከተማ ውስጥ ያለው ይህችው አንዲት ሴት ናት። እሷን ካጣ ጎንደርን አጣ ማለት ነው። ስለዚህ ወይፈን ላይ ያደርገው የነበረውን ሰው ላይ ማድረግ ጀመረ።

ተራ የሚያፈርስ ሲመጣ ዋሴ አይጮህም። ከኋላ ይመጣና ሰውዬውን በብብቱ ሥር አቅፎ፣ በቀኝ እጁ የግራ እጁን አንጓ ይጨብጣል። ከዚያ ከመሬት ያነሣዋል። የተነሣ ሰው ምን ያደርጋል? እግሩን ያወናጭፋል፣ ዱላው ይወድቃል፣ ዓይኑ ይፈጣል። ዋሴ ተሸክሞት እስከ ሰልፉ ጭራ ይሄድና በእግሩ ያቆመዋል፤ ኮቱ ላይ ያረፈውን ዱቄትም ያራግፍለታል። «ተራዎ እዚህ ነው፣ ጌታዬ» ይለዋል። ሴቱ ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። ብዙዎቹ ወንዶችም አብረው ስቀው ተራቸውን ይጠብቁ ነበር፤ ቁስል የለ፣ ደም የለ፣ ምን ብሎ ይጣላል?

የሰፈሩ ወንዶች ግን ናቁት። የሚናቅ ሰው መርጠው ሲንቁ አቤት ሲያስጠሉ! እቤቴ ቁጭ ብለው ጠላዬን እየጨለጡ «ወንድ ይመታል፤ መተናነቅ የሴት ነው» ይላሉ። ስሙንም «አቃፊው» አሉት። ጢማቸው ላይ አተላ ተንጠልጥሎ ስለ ወንድነት ሲያስተምሩ ጣሳውን በአናታቸው ላይ ብደፋባቸው ደስ ባለኝ።

እኔም ብሆን ዋሴን ተከራክሬዋለሁ። ውሸት ምን ያደርግልኛል? አንድ ቀን ብቅሌን ሲያወርድልኝ «አንተ ሰው፣ አንዱን አንድ ጊዜ ብታቀምሰው ሌላው አርፎ ይቀመጥ ነበር» አልሁት።

«መምታት ቀላል ነው፣ እት አየለች» አለኝ። «ዱላ ከእጅሽ ከወጣ በኋላ ግን ያንቺ አይደለም። ትከሻ ብለሽ የሰደድሽው ጆሮ ግንድ ላይ ያርፋል። የያዝሁት ሰው ግን እጄ ላይ ነው፤ ላጥብቀውም፣ ላላላውም የማውቀው እኔ ነኝ።»

«ቢያመልጥህስ? ጩቤ ቢኖረውስ?»

«ካልለቀቅሁት አያመልጥም» አለና አቁማዳዬን አወረደ። ዋሴ ከዚህ በላይ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

እንግዲህ ውድነህ ወደሚባለው ልመጣ ነው፤ ስሙን ሳነሣ አፌ ይመረኛል። ውድነህ ሥራው ምን እንደሆነ የጠየቀ ሁሉ የተለያየ መልስ ያገኛል። ገበሬም ነጋዴም አይደለም። የሚውለው ችሎት ደጅ ነው። ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱን ጠጋ ብሎ «ነገርህን ለኔ ተወው» ይላል፤ ያላየውን አይቻለሁ ብሎ ይመሰክራል፤ ያየውን አላየሁም ይላል። ካኪ ኮት አለው። ራሱን የሚቀባው ቅቤ ቀልጦ የኮቱን አንገት ስላጠገበው፣ በፀሐይ ቀን ሲያልፍ ዝንብ አጅቦት ነው የሚያልፈው። ሱረቱን ይስባል፣ ይነፍጣል፣ ጣቱን በኮቱ ይጠርጋል፣ በዚያው ጣት ጨብጡኝ ይላል። ዱላው ጫፉ ብረት የለበሰ ወይራ ነው።

ከሁሉ የሚያስጠላኝ ግን አፉ ነው። በእኛ አገር ሰው በሰው ላይ ሲነሣ አንድ ቃል አለ፤ «በሕግ አምላክ» ይባላል። ይህ ቃል የተጠራበት ሰው፣ ጌታም ይሁን ሎሌ፣ የያዘውን ይለቃል፣ ያነሣውን ያወርዳል፣ ባለበት ይቆማል። ከዚያ የጠራውና የተጠራበት የኩታቸውን ጫፍ ለጫፍ አስረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ማሰሩ ከአባቶቻችን የቀረ ነው፤ መንግሥት አዲስ ፍርድ ቤት ካቆመ በኋላም ሰው አልተወውም ነበር። አቅመ ደካማ የሚድነው በዚህ ቃል ነው። ውድነህ ይህን ቃል እንደ ሱረቱ በኪሱ ይዞት ይዞር ነበር። «ጠላው ቀጥኗል» ብሎ ሲያላግጥብኝ ጣሳውን ልቀበለው እጄን ብዘረጋ «በሕግ አምላክ አትንኪኝ!» ይለኛል። እጄን እሰበስባለሁ፤ እሱ ቀስ ብሎ ይጨርሰዋል።

አንድ ገበያ ቀን ውድነህ አቁማዳውን አሸክሞ መጣና የሰው ተራ ላይ አስቀመጠ። ዋሴ እንደ ልማዱ አቀፈው፣ ተሸክሞ ከጭራ አቆመው፣ ኮቱን አራገፈለት። «ተራዎ እዚህ ነው፣ ጌታዬ።» ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ደግሞ እልል አልሁ። ውድነህ ፊቱ ጠቆረና ቀጥ ብሎ ወደ ዳኛ ሄደ። ዳኛው «የተመታኸውን አሳየኝ» ቢለው የሚያሳየው አጣ። «ምን አደረገህ?» ቢለው «አቀፈኝ» አለ። ችሎቱ በሙሉ በሳቅ አወካ አሉ። ነገር ሲሸጥ በኖረበት ደጅ ተሳቀበት።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር አላማረውም፤ ዋሴ እንዲመታው ብቻ ይፈልግ ነበር። የራሱን ደም የሚለምን ሰው ያየሁት እሱን ነው። አንዲት ጠብታ ብትወጣው ዋሴን ዘብጥያ ሊያስወርድባት ነው። በየገበያው ቀን ይመጣና ፊት ለፊቱ ይቆማል፤ «አንተ ዘር የሌለህ» ይለዋል፣ እናቱን ይሰድባል። አንድ ቀን ሱረት የተለወሰበትን አክታ ፊቱ ላይ ተፋበት። ዋሴ ቆመ። ቡናማው ምራቅ በቅንድቡ ወርዶ ጉንጩ ላይ ካለው ዱቄት ጋር ሲቦካ አየሁት። በጋቢው ጠረገና «ወፍጮው ይጠብቀኛል» ብሎ ገባ። እኔ ቤቴ ገብቼ ፊቴን በአመድ ውኃ ታጠብሁ፤ እኔ ላይ የተተፋ መሰለኝ።

ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ነው ነገሩ የሆነው። ወፍጮ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ አቁማዳው መንገዱን አልፎ ተደርድሯል። የሰፈሩ ሽማግሌዎችም እህላቸውን ሊያስፈጩ መጥተው ከግንቡ ጥላ ሥር ቁጭ ብለዋል፤ መካከላቸው አያ ፋንታሁን አሉ፣ በእርቅም በፍርድም ሰፈሩን የሚመሩት። እኔ ተራዬ ደርሶ ውስጥ ገብቼ ብቅሌን እያስጨመርሁ ነበርና የመጀመሪያውን በዓይኔ አላየሁም፤ አብረውኝ ጠላ የሚጠምቁት አበቡና ማሬ ናቸው ቆመው ያዩት፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገሩኝ።

ውድነህ መጣ። አቁማዳ አልያዘም፤ ዱላውን ብቻ። ቀጥ ብሎ ሄዶ የአንዲትን አሮጊት አቁማዳ በእርግጫ መታው። አፉ ተፈታና ጤፉ ጭቃው ላይ ፈሰሰ። አሮጊቷ በጉልበቷ ተንበርክካ በሁለት እጇ ታፍሰው ጀመር። ዋሴ ከውስጥ ወጣ። ውድነህ ይህን ነበር የሚጠብቀው፤ ዱላውን ሰነዘረ። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ወይም አጸፋውን ይሰነዝራል። ዋሴ ወደ ፊት ሄደ። ዱላው ሳይደርስበት ከሰውዬው ደረት ጋር ተጣበቀና በሁለት ክንዱ ቆለፈው። ዱላው ወደቀ፤ ዋሴ እግር ሥር ተንከባሎ ቆመ።

ወንዱ ሁሉ ያን ጊዜ አፍ አወጣ። «አንሣና በለው!» «በገዛ ዱላው አቅምሰው!» ይላሉ። የራሳቸው እጅ ኪሳቸው ውስጥ ነው። ዋሴ አላነሣም። ይዞት ቆመ፤ እንደ ወይፈኑ እስኪደክመው። ውድነህ ተወራጨ፣ ነከሰ፣ በመጨረሻ ደከመው። ሲደክመው ጊዜ አፉን ከፈተ።

«በሕግ አምላክ! ልቀቀኝ!»

ዋሴ እጁን ፈታ።

እንግዲህ እዚህ ላይ «ሞኝ ነው» የሚል ይኖራል። አይደለም። ሕግ ተጠራበት፤ ለቀቀ። አባቱም ቢሆን አያቱም ቢሆን ይለቅ ነበር። ያን ጊዜ ባለበት ቆሞ የጋቢውን ጫፍ ይዞ ወደ ውድነህ ዘረጋለት። «እሰር፤ ወደ ዳኛ እንሂድ» አለው። ውድነህ ጎንበስ አለ። ጫፉን ሊይዝ መሰላቸው። ዱላውን አነሣና የተዘረጋውን ክንድ ክርኑ ላይ መታው።

ድምፁን እኔ ከሞተሩ ጩኸት መካከል ሰማሁት፤ እንጨት የተፈለጠ መስሎኝ ነበር። ደገመው። ዋሴ ግራ እጁን አላነሣም፤ ሕግ ተጠርቶበታላ! ቆሞ ተመታ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ኧረ ተው፣ ኧረ ምነው» አለ፤ ከተቀመጠበት ግን አልተነሣም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

እኔ ስወጣ ክንዱ ወደማይታጠፍበት ታጥፎ ተንጠልጥሏል። ውድነህ ለሦስተኛ ጊዜ አንሥቷል። አንጀቴ እስኪበጠስ ጮህሁ፤ «በሕግ አምላክ፣ ውድነህ!»

ቆመ። በቃ፣ ቆመ። ዱላው አየር ላይ ነበር፤ ቀስ ብሎ አወረደው። ኮቱን አስተካከለ፣ አፍንጫውን ጠረገ። «እሺ፤ እኔ ሕግ አከብራለሁ» አለ።

ከዚህ የባሰ የሚያስጠላ ነገር አለ? አንዲት ቃል ኖራለች የጎደለችው። ያ ሁሉ ሰው አፉ ውስጥ የነበረች ቃል። «በለው» ለማለት የተከፈተ አፍ «በሕግ አምላክ» ለማለት ተዘጋ። ስንት ዓመት የሰው ትውከት የጠረግሁ እኔ፣ የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ ተደግፌ አስመለሰኝ።

ዋሴ አቁማዳ ላይ ተቀምጧል፤ ላቡ ዱቄቱን እያጠበ ይወርዳል። ወንዶቹ ግን ወጌሻ መጥራቱን ትተው ሙግት ያዙ። «ሕግ የተጠራው በዋሴ ላይ ነው እንጂ በውድነህ ላይ አይደለም፤ ስለዚህ ውድነህ ሕግ አልጣሰም» ይላል አንዱ። «የጠራውም ሰው ይታሰርበታል» ይላል ሌላው። ወደ አያ ፋንታሁን ዞሩ። እሳቸውም ጢማቸውን እየደባበሱ ፈረዱ።

«ሕግ የተጠራበት ሰው የጠራው እስኪለቀው ድረስ ንቅንቅ አይልም። የዋሴ መቆም ሸጋ ነው። የውድነህ ነገር ደግሞ በእርጋታ ይታያል።»

በእርጋታ! ዱላው ሲወርድ የትኛው እርጋታ ነበረ? ወጌሻውን የጠራነው እኔና አበቡ ነን።

ክንዱ ገጠመ፤ ግን እንዳልኋችሁ እንደ ማጭድ ሆኖ ገጠመ። ጣቶቹ ጽዋ ይይዛሉ፣ አንጓ ግን አይጨብጡም። ነገሩ ችሎት እንዲደርስ ፈልጌ ነበር። ያን ቀን ደጁ ላይ የነበረውን ወንድ አንድ በአንድ ለመንሁ። አንዱ «ግብግብ ላይ ነበሩ፤ ማን ማንን እንደመታ አልለየሁም» አለኝ። ሌላው ውድነህ ነገረኛ ነው አለኝ። ውድነህ ራሱ «አንቆኝ ነበር፤ ነፍሴን ለማዳን ነው የመታሁት» እያለ በየጠላ ቤቱ ያወራል፤ የሚያዳምጠውም አልጠፋም። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ነገሩን ከዳኛ እጅ አወጡና በእርቅ ይለቅ አሉ።

ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ክፉ ሴት አይደሉም። ዋሴ ተኝቶ ሳለ አጥሚት ይልኩለት ነበር። ፈሪ ናቸው እንጂ። አንድ ቀን አልጋው አጠገብ ተቀምጠው፣ ዓይኑን ሳያዩ፣ እንዲህ አሉት፦ «ታረቅ፣ ልጄ። ከውድነህ ጋር ችሎት መመላለስ ከያዝን ወፍጮዬ ይዘጋል። ከታረቅህ በግራህም ቢሆን ተራ ታስከብራለህ፤ ክፍሏም ያንተ ናት። ካልታረቅህ ግን ዋስነቴን አነሣለሁ፤ ማርያምን፣ ሌላ አልችልም።»

ዋሴ ዝም አለ። ዝምታውን እሺ ነው ብለው ወሰዱት።

እርቁ የሆነው ጃንተከል ዋርካ ሥር ነው። እኔ ለሽማግሌዎቹ ጠላ እንዳቀርብ ታዝዤ መጣሁ፤ ማድጋዬን አስቀምጬ ዳር ቆምሁ። ደንቡ እንደሚባለው በዳይ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ይመጣል፤ ተበዳይ «ማርሁህ» ሲል ያወርዳል። ውድነህ መጣ። የተሸከማት ድንጋይ ሎሚ ታህላለች። በሁለት ጣቱ ትከሻው ላይ ይዟት፣ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን እየዋጠ መጣ። አያ ፋንታሁን አይተው እንዳላዩ ሆኑ። አንዱ ሽማግሌ «ድንጋይ ድንጋይ ነው፤ ትንሽ ትልቅ የለውም» አለ።

«ዋሴ፣ ማረው» አሉ አያ ፋንታሁን።

ዋሴ መሬት መሬት ያያል።

«ማለት ካቃተውም ግድ የለም፤ በሉ ተነሡና ተቃቀፉ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ ነገሩ እዚህ ይቅር።»

«ማቀፍማ ማን እንደሱ!» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ሳቁ። ክብ ሠርተው የተቀመጡ፣ ነጭ የለበሱ፣ የጾም የጸሎት ሰዎች ሳቁ። ውድነህም ጠጠሯን እንደያዘ አብሮ ሳቀ።

ዋሴ ተነሣ። ሲነሣ ያን ቀን ብቻ ትልቅነቱ ታየኝ።

«ለማቀፍ ሁለት እጅ ያስፈልጋል፣ አያ ፋንታሁን» አለ። «ለመምታት አንድ ይበቃል። የቀረችኝ የመምቻዋ ናት።»

ሳቁ ቆመ። ውድነህ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ሽማግሌዎቹ ግን እርቅ ሊያመልጣቸው ሆነና እንደ ልማዳቸው ተነሥተው ከበቡት፤ አንዱ በጀርባው ገፋው፣ አንዱ ማጅራቱን ያዘ፣ አያ ፋንታሁን ደኅነኛዋን ግራ እጁን ይዘው ወደ ውድነህ ጎተቱት። «በል ተው፣ በል ልጄ፣ ሰይጣን አይስማብህ» እያሉ ይገፉታል። ውድነህ ፈገግ ብሎ ደረቱን ሰጠ። ቅቤው ከቆምሁበት ድረስ ሸተተኝ። የዋሴ ግራ እጅ በአያ ፋንታሁን መዳፍ ውስጥ ሲጨበጥ አየሁ፤ ጡጫ ሆነ። ምታው አልሁ በሆዴ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ አፍንጫውን ከፊቱ ላይ አጥፋልኝ አልሁ። ቢመታው ግን ለውድነህ የለመነውን ደም ሰጠው ማለት ነበር፤ ባይመታው ደግሞ ያን ገላ ሊያቅፍ ነው።

«በሕግ አምላክ» አለ ዋሴ።

አልጮኸም። ወፍጮው ይጠብቀኛል እንዳለ ዓይነት አለው።

«ሁላችሁንም። በሕግ አምላክ፣ አትንኩኝ።»

እጆቹ ሁሉ ከላዩ ላይ ተነሡ። የያዘው ለቀቀ፣ የገፋው ተወ። አያ ፋንታሁን መዳፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። ሰፈሩን ሁሉ በደንብ ሲዳኙ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ደንቡን ማፍረስ አልቻሉም። ዋሴ የጋቢውን ጫፍ ለማንም አልዘረጋም። ትከሻው ላይ ጣል አደረገውና በመካከላቸው አልፎ ወጣ። እኔ አጠገብ ሲደርስ «ደኅና ሁኚ፣ እት አየለች» አለኝ። ወደ አይከል የሚሄዱ ማኪናዎች ወደሚቆሙበት ሲወርድ ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ክፍሊቱንም፣ ሥራውንም፣ ዋሱንም እዚያው ትቶ ሄደ።

እነሱ ግን የጠራው እስኪለቃቸው ቆመዋል። ፀሐይዋ ከዋርካው ጥላ አልፋ ራሳቸውን ትመታቸዋለች፤ የሚቀመጥ የለም። ውድነህ ጠጠሯን ከትከሻው ላይ ማውረድ ፈራ፤ ክንዱ ዝሏል፣ ቅቤው በግንባሩ ይወርዳል፣ ዝንቡን የሚያባርርበት እጅ አጣ። ማድጋዬን አነሣሁ።

«አየለች» አሉኝ አያ ፋንታሁን፣ አንገታቸውን እንኳ ሳያዞሩ። «እባክሽ ሮጠሽ ድረሽበት። ይልቀቀን በዪው።»

«አያ ፋንታሁን፣ ዋሴ ልቀቅ ሲሉት አንድ ጊዜ ለቆ ነበር» አልኋቸው። «እርስዎም ቁጭ ብለው አይተዋል።»

ጠላውን ሳልቀዳላቸው ይዤው ወደ ቤቴ ሄድሁ።